ጎዶሎ ይሁን

ፕሎቭዲቭ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ከቆመ ዓመት ያለፈው፣
ሁለት ክፍል ቤት ይዘናል፤ አንዱን እኛ፣ አንዱን ብርዱ የተከራየው።
ትዳራችን ሦስት ወሩ፤ ድስታችን ሦስት፣ ክዳኑ ሁለት፤
ሦስተኛውን በሠርግ ሳህን እንከድናለን፣ ሰጪው ማን እንደነበር በተረሳበት።

ዛሬ የገና ዋዜማቸው ነው። ዝላቲና ከጧት ጀምራ
ጎመን ትጠቀልላለች፣ ሩዙን በማንኪያ ቆጥራ።
እኔ፣ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው» ሲባል ሰምቼ ያደግኩ፣
ሽርጥ ታጥቄ ቦሎቄ ስለቅም፣ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ።
እንባዬን አይታ ትስቃለች፤ ሽንኩርቱ ነው እላታለሁ፤
እውነትም ሽንኩርቱ ነው፣ ለሌላ እንባማ ጊዜ የት አገኛለሁ።

«ሰባት ይሁን» አለች፣ «ወይ ዘጠኝ። ዛሬ ማታ
ጎዶሎ ነው የሚቀርበው፤ ሙሉ አይወድም የእኛ ገበታ።»
ቃሏን በሆዴ ወደ አማርኛ ስመልሰው ደነገጥኩኝ፤
ጎዶሎን ሸሽቼ አይደል እንዴ፣ ልሙላ ብዬ ያገባሁኝ?
«ሙሉ ቁጥር» አለች አባቷን ጠቅሳ፣ «እኩል ተካፍሎ ይለያያል፤
ጎዶሎው ግን አንድ ይተርፈዋል፤ በተረፈው ይተያያል።»

ቆጠርን። አንድ፣ ቦሎቄው፤ የጎመን ጥቅሉ ሁለት፤
ሦስት፣ ቀይ በርበሬ፣ እንደኛ ስንግ ሩዝ የተጠቀጠቀበት፤
አራት፣ የደረቀ ፕሪም ተቀቅሎ፤ አምስት፣ ዋልነትና ማር፤
ስድስት፣ ሳንቲም የዋጠ ዳቦ፣ ምድጃ ውስጥ ሲነፋ የሚያምር።
ስድስት።
ሞላ። ዝላቲና ቆማ ቀረች፣ ማንኪያዋ በእጇ እንዳለ፤
ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ ባለሱቁም ቤቱ ነው የዋለ።

እህቴ የውብዳር ለሠርጌ በሰው ሻንጣ የላከችው፣
በሦስት ፌስታል የታሰረ ሽሮ፣ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ከአልጋው ሥር ያለው።
ውሃው ፈላ፤ በግራዬ ስነሰንስ፣ በቀኜ ሳማስል
ጓጎለ። ደወልኩላት፤ ሳቋ ቀደመ፣ እንደ ፏፏቴ ሲወርድ ሲንከባለል።
«እሳቱን ቀንሰው! ሽሮና ትዳር አያጣድፉትም» አለች፤
(እሷ ገና አላገባችም፤ ቢሆንም ታውቃለች።)

ሰባት ሆነ። ጎደለልን! ተመስገን ብለን ተቀመጥን፤
ዳቦውን ቆርሳ፣ የመጀመሪያውን ለእመቤታችን ሰጠን፤
አንዱን ለቤቱ፤ አንዱን፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ አምና ለሞተው አባቷ፤
ከዚያ ለእኔ፣ ከዚያ ለራሷ፤ ፍርፋሪውን ጠረገች በጣቷ።
ሳንቲሙ የወጣው ለቤቱ ነው። ሳቃችን ጎረቤት ያስነሳል!
ለአከራያችን እንንገረው? ኪራዩን ነገ ይጨምራል።

«ሳህኑ አይነሳም» አለች፣ «የሞቱት ሌሊት ይመጣሉ፤
ከተረፈው ቀምሰው፣ ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ።»
እኔ፣ ሳይታጠብ ያደረ ሳህን ሰይጣን ይልሰዋል ሲባል ነው የማውቀው፤
ዝም አልኩ። አባቷን ሰይጣን እንዳልለው።

ሌሊት ነቃሁ። ጎኔ ቀዝቅዟል።
ጭጋግ ከማሪትሳ ወጥቶ መስኮቱን ደፍኖታል።
በማጀቱ በር ስንጥቅ አየኋት፤ በአባቷ ወንበር አንጻር፣
በዳቦ ቅርፊት ድስቱን እየጠረገች፣ በሹክሹክታ ስትናገር፤
አንዱን ጉርሻ ለራሷ፣ አንዱን ወደ ባዶው ወንበር።
ተመለስኩ። ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ፣ እንደተኛ ሰው።
እግሯ በረዶ ሆኖ ሲመጣ በእግሬ መሐል ያዝኩት፣ እስኪሞቀው።

ጧት ድስቱ ተልሶ ነጥቷል። «አባቴ ወዶታል» አለች፤
እጅጌዋ ላይ ሽሮ ደርቋል። እኔም አላየሁ፤ እሷም አላየች።

የእሷ ጾም ተፈታ፤ የእኔ ገና ነው። አይብ ያለበት ባኒትሳ ጋግራ፣
ሽታው አራት ፎቅ ሲወርድ፣ ከንፈሯን ይዛ፣ ዓይኔን ፈርታ፣
አንዲት ቁራሽ ቀመሰች፣ ቆማ፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ፤
የቀረውን ከሥር ላሉት ሽማግሌ ወሰደች፣ በፎጣ ሸፍና፣ በእጇ ደግፋ።
«ለአንተ ገና ሌላ እጋግራለሁ። ስንት ቀን ቀረህ?» ብላ ጠየቀች፤
በጣቷ ቆጠረች፤ አሥሩ አልበቃትም፤ ከእኔ ሦስት ተበደረች።
«አሥራ ሦስት» አለች፣ «ጎዶሎ ነው፤ መልካም ነው።»
ሦስቱን ጣቴን ግን አልመለሰችም፤ እንደያዘችው ነው።